ደንብና ብልሃት፦ የቀድሞ ዘመን የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም ምድቦችና ለሰሜን ሸዋ የሚሰጡት ትምህርት

መግቢያ

በእሽቅድምድም ነገር ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ማን ቀደመ?» ብሎ ነው። የታሪክ ተማሪ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ ማንሣት ይገባዋል፤ ይኸውም «ከማን ጋር ተሽቀዳደመ? በምን ደንብ? ማንስ ፈረደ?» የሚለው ነው። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ «ድራግ ሬሲንግ» የሚባለው በአሜሪካ የተስፋፋ የቀጥታ መንገድ እሽቅድምድም ተወዳዳሪዎችን በምድብ የከፈለበትን ደንብ፣ ባለመኪኖቹም በዚያ ደንብ ውስጥ ያደረጉትን ማሻሻያ መርምሮ፣ ነገሩ ለአገራችን፣ ይልቁንም ለሰሜን ሸዋ፣ ምን እንደሚያስተምር ማሳየት ነው።

«የካሊፎርኒያ ጎረምሶች ጨዋታ ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሰሜን ሸዋ ደጋ ከመኪና ጋር የተዋወቀበት የራሱ ታሪክ አለው፤ ሾፌሮቹና ሜካኒኮቹም መኪናን ለአቀበትና ለጭነት ሲያሻሽሉ ኖረዋል። ሁለተኛ፣ ይህ አገር ጉግስ የሚባል የራሱ የፈረስ ውድድር ያለው ሲሆን የጉግሱ ደንብ በአብዛኛው በሽማግሌዎች አፍ እንጂ በጽሑፍ አይገኝም። እኛ የምንለው፣ ደንቡ የተጻፈ ጨዋታ ሞቶ እንኳ ሊነሣ ይችላል፤ ደንቡ ያልተጻፈ ግን ከሚያውቁት ሽማግሌዎች ጋር ይቀበራል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካው ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ግን በራሳችን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

፩. መኪናና ሰሜን ሸዋ

ዳግማዊ ምኒልክ ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ከመውረዳቸው በፊት ሸዋን የገዙት ከአንኮበር ነበር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን ያመጣውም ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ይሁን እንጂ ያ መኪና ለንጉሠ ነገሥቱ ከተማ እንጂ ለአንኮበር ገደል አልነበረም። በዚያ ገደል ላይ በቅሎ ገና ብዙ ዘመን ሠርታለች።

መኪና በብዛት ወደ ሰሜን ሸዋ የመጣው በጦርነት ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር ከ1,700 በሚበልጡ መኪኖች ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው። ያ ሁሉ ሞተር መንገዱ እስኪጠገን ድረስ ተራራው ሥር ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ወራሪው መንገዱን አስፋፍቶ ተራራውን በዋሻ በሳው። አሁንም ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛ ያን ዋሻ ያውቀዋል።

መንገዱ ካሚዮኑን አመጣ፤ ካሚዮኑም ቋንቋውን። ፊያት 634 «ትሬንታ ኳትሮ» ተባለ። ከነጻነት በኋላ የመጣው የፊያት 682 ዘር ደግሞ «ኤንትሬ» በሚል ስም ታወቀ። ዛሬም በጋራዥ ስንቆም የምንሰማቸው ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ የሚሉት ቃላት ከዚያ ዘመን የቀሩ ምስክሮች ናቸው። ሾፌሩ ከሮቢት ቆላ ጭኖ ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ባሌስትራ ያስጨምራል፣ የጭነቱን አጥር ያስረዝማል፣ ፍሬኑንም ለቁልቁለቱ ያስጠብቃል። መንግሥት በበኩሉ የጭነቱን ልክ ይወስናል። ባለካሚዮኑ ከደንቡ ሳይወጣ፣ አንዳንዴም ወጥቶ፣ ብዙ ለመጫን ብልሃት ይፈልጋል። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በሁለት ነገር ላይ ነው፤ እነሱም የመኪናው ክብደትና የሞተሩ ጉልበት ናቸው። አሜሪካኖች የእሽቅድምድማቸውን ምድብ የመሠረቱት በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ስለሆነ ወደዚያ እንሻገራለን።

፪. ከደረቅ ሐይቅ እስከ ማኅበር

በ1930ዎቹ ዓመታት የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ፎርዶችን በርካሽ እየገዙ፣ ፓራፋንጎውንና ኮፋኖውን እያወለቁ፣ ሙሮክ በሚባለው ደረቅ ሐይቅ ላይ ፍጥነታቸውን ይለኩ ነበር። ሜዳው ጠፍጣፋ፣ ሰውም የሌለበት ነበርና ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። በ1937 ልዩ ልዩ ክበቦች ተባብረው የደቡብ ካሊፎርኒያ የሰዓት ለኪዎች ማኅበርን አቋቋሙ። የማኅበሩ ስም ራሱ ብዙ ይናገራል፤ የመጀመሪያ ሥራቸው መለካት እንጂ መሽቀዳደም አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሜካኒክነትን በጦር ሠራዊት የተማሩ ብዙ ወጣቶች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በከተማ ጎዳና ሌሊት መሽቀዳደም በዛ፤ ሰውም ሞተበት። ጋዜጦች ከሰሱ፤ ፖሊስም አሳደደ። በ1950 ሲ. ጄ. ሃርት የሚባል ሰው በሳንታ አና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ 50 ሳንቲም እያስከፈለ እሽቅድምድም ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት በ1951 የ«ሆት ሮድ» መጽሔት አዘጋጅ ዋሊ ፓርክስ ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር መሠረተ። ዓላማው ወጣቱን ከጎዳና አውጥቶ ምርመራና ዳኛ ወዳለበት ሜዳ ማስገባት ነበር። ማኅበሩ የመጀመሪያውን ይፋ ውድድር በ1953 በፖሞና፣ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ውድድር በ1955 በካንሳስ ግዛት በግሬት ቤንድ አደረገ።

የጨዋታው ሥርዓት ቀላል ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ምልክት ሲሰጥ ከቆሙበት ተነሥተው ሩብ ማይል፣ ማለት 402 ሜትር ያህል፣ ቀጥ ብለው ይሮጣሉ። መጀመሪያ ላይ ምልክቱን የሚሰጥ ባንዲራ የያዘ ሰው ነበር። በ1963 ግን ለሁሉም እኩል የሚበራ የመብራት ዓምድ ተተካ። ከሰው እጅ ወደ መብራት መዛወሩ ትንሽ ነገር አይደለም፤ «ባንዲራው ለእገሌ አደላ» የሚለውን ክርክር አሳጥሯልና።

፫. የምድብ ሥርዓት

ሁሉም በአንድነት ቢሽቀዳደሙ የሚያሸንፈው ብዙ ገንዘብ ያለው ነው። ትልቅ ሞተር በቀላል መኪና ላይ የጫነ ሰው ይቀድማልና። ስለዚህ ማኅበሩ መኪናን እንደ መነሻው ከፈለ። ከፋብሪካ እንደወጣ የሚሮጠው «ስቶክ»፣ በተራ ነዳጅ የሚሄድና መልኩን ያልለቀቀው ግን ብዙ የተሻሻለው «ጋሰር»፣ ከዚያ አልፎ የተለወጠው «ኦልተርድ»፣ ለዚሁ ጨዋታ ብቻ የተሠራው ረጅሙ መኪና ደግሞ «ድራግስተር» ተባለ።

በጋሰር ክፍል ውስጥ ምድቡ የሚወሰነው በሚዛን ነበር። የመኪናው ክብደት በፓውንድ ይመዘናል፤ ይህም ለሞተሩ ስፋት፣ በኩቢክ ኢንች ለተለካው፣ ይካፈላል። ለምሳሌ 300 ኩቢክ ኢንች ማለት 4.9 ሊትር ያህል ሞተር ያለው መኪና 2,400 ፓውንድ ቢመዝን ድርሻው 8 ነው። ያው ሞተር 3,600 ፓውንድ በሚመዝን መኪና ላይ ቢሆን ድርሻው 12 ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ምድብ አይገናኙም። ቁጥሩ ያነሰው በፊደል ተራ ወደ ላይኛው ምድብ፣ የበዛው ወደ ታችኛው ይገባል። ስለዚህ ትንሽ ሞተር ያለው ድኻ ተማሪ ከባለጸጋው ጋር ሳይሆን ከመሰሉ ጋር ይወዳደራል፤ በምድቡም ዋንጫ ሊያገኝ ይችላል።

ደንቡ ከሚዛኑ ሌላ ብዙ ይወስን ነበር። ሞተሩን ወደ ኋላ መሳብ የኋላ ጎማዎቹ መሬት እንዲጨብጡ ስለሚረዳ፣ ለጋሰር ከፊትና ከኋላ ጎማ መካከል ካለው ርቀት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይሆን ተከለከለ። ለኦልተርድ ግን እስከ 25 በመቶ ተፈቀደ። በዚህ ዘመን ተወዳጅ የነበረው አሮጌው የዊሊስ መኪና ነው። ዊሊስ ማለት በአገራችን ሁሉ የሚያውቀውን ጂፕ የሠራው ፋብሪካ ነው። መኪናው ትንሽና ቀላል ስለነበረ ለሚዛኑ ስሌት ተመቸ። ባለመኪኖቹ ከፊቱ ቀጥ ያለ አክስል አስገብተው አፍንጫውን ከፍ ያደርጉት ነበር፤ ሲነሣ ክብደቱ ወደ ኋላ እንዲሄድ ነው።

ከእነዚህ ዊሊሶች እጅግ የታወቀው የስቶን፣ የውድስና የኩክ መኪና ነው። ኩክ ሾፌሩ ነበር፤ ባለቤቶቹ ስቶንና ውድስ ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ዘመኑ 1960ዎቹ ሲሆን በዚያ አገር የዘር መድልዎን የሚከለክለው የሲቪል መብቶች ሕግ የወጣው ገና በ1964 ነው። ሰው በቆዳው ይለይ በነበረበት አገር ሚዛኑ ግን የባለቤቱን መልክ አይጠይቅም ነበር። የሚጠይቀው ፓውንድና ኩቢክ ኢንች ብቻ ነው። ጨዋታው መድልዎን አጠፋ አንልም፤ ነገር ግን የተጻፈ መስፈሪያ ለተናቀው ሰው ምን ያህል መሸሸጊያ እንደሚሆን ከዚህ እንረዳለን።

፬. ደንብና ብልሃት ሲሯሯጡ

ደንብ በወጣ ቁጥር ብልሃተኛ ቀዳዳውን ይፈልጋል። በስቶክ ክፍል መኪናው የሚመደበው ፋብሪካው ባስታወቀው የፈረስ ጉልበት ስለነበረ ፋብሪካዎች ጉልበቱን ዝቅ አድርገው መናገር ጀመሩ። ፎርድ በ1968 ያወጣውን ኮብራ ጄት የተባለ ሞተር 335 የፈረስ ጉልበት አለው አለ፤ በእውነት ግን ከዚያ የሚበልጥ ነበር። ማኅበሩም የፋብሪካውን ቃል ትቶ የራሱን ግምት ወደ መስጠት ሄደ።

በክብደትም በኩል እንዲሁ ሆነ። ፖንቲያክ በ1963 የጥቂት መኪኖችን ሻንሲ በሳስቶ አቀለለ፤ ሰዎችም በቀዳዳው ብዛት በስዊስ አይብ መሰሉት። ፎርድ በ1964 «ተንደርቦልት» የሚባለውን ሠራ። 7 ሊትር የሚያህል ሞተር በመካከለኛ መኪና ውስጥ ተጨምቆ ገባ፤ በሩና ኮፋኖው በፋይበርግላስ ተሠራ፤ ሬዲዮውም ቀረ። ከአራቱ የፊት መብራቶች ሁለቱ ወልቀው ቀዳዳቸው ወደ ሞተሩ ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባ ቧንቧ ሆነ። ደንቡ መኪናው በቁጥር ተሠርቶ ለሕዝብ የሚሸጥ መሆን አለበት ስለሚል 100 ያህል ተሠራ። እንግዲህ ደንቡ አልተጣሰም፤ ነገር ግን «ከፋብሪካ እንደወጣ» የሚለው ቃል ትርጉሙን አጣ።

በ1965 ደግሞ የክራይስለር ኩባንያ ሰዎች የፊቱንም የኋላውንም ጎማ ወደፊት አዛውረው ክብደቱ በኋላ ጎማ ላይ እንዲያርፍ አደረጉ። ብሔራዊው ማኅበር ይህን በምድቡ አልቀበልም አለ። መኪኖቹ ግን በሌሎች ሜዳዎች ሕዝብ ሰበሰቡ፤ መልካቸው አስቂኝ ስለሆነም «ፋኒ ካር» ተባሉ። ማኅበሩ ውሎ አድሮ ለነዚሁ የተለየ ምድብ አበጀ። ከዚህ የምንማረው፣ ከደንብ የተባረረ ብልሃት ሁልጊዜ አይጠፋም፤ አንዳንዴ የራሱን ደንብ ይወልዳል።

፭. የሕይወት ዋጋ

ደንቡ ለፍትሕ ብቻ አልነበረም፤ ለነፍስም ነበር። ናይትሮሜቴን የሚባለው ነዳጅ በውስጡ ኦክስጅን ስላለው ሞተሩ ከተለመደው እጅግ አብልጦ እንዲያቃጥል ያደርጋል። ፍጥነቱ ከሜዳው ርዝመትና ከፍሬኑ አቅም በላይ ሆነ በማለት ማኅበሩ በ1957 ከለከለው፤ ክልከላው የተነሣው በ1960ዎቹ ውስጥ ነው። በ1970 የታወቀው ዶን ጋርሊትስ ካምቢዮው በእግሩ ሥር ፈንድቶ የእግሩን ክፍል ቆረጠው። እሱም በሆስፒታል ሳለ ባሰበው መሠረት ሞተሩን ከሾፌሩ ኋላ ያደረገ ድራግስተር ሠርቶ በ1971 አሸነፈበት፤ ሌሎችም ተከተሉት። በ2008 ስኮት ካሊታ በውድድር ላይ ከሞተ በኋላ ለፈጣኖቹ ምድቦች ርቀቱ ወደ 305 ሜትር አጠረ። ብዙዎቹ የደኅንነት አንቀጾች እንዲህ ባለ አደጋ የተጻፉ ናቸው።

፮. የደብረ ብርሃን አየር

አሁን ወደ አገራችን ደጋ እንመለስ። ሞተር በአየር ይኖራል፤ አየር ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። በተለመደው የሜካኒክ ስሌት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይጠፋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ በምጽዋ ወይም በአሰብ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ተራ ሞተር በደብረ ብርሃን ከ70 ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ይቀረዋል። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አሮጌው ካሚዮን በዚያ አቀበት ላይ የሚያቃስተው በእርጅናው ብቻ አይደለም፤ በአየሩም ነው።

አሜሪካኖች ይህን በደንባቸው ውስጥ አስገብተውታል። በዴንቨር አጠገብ ከ1958 እስከ 2023 የነበረው የባንዲሜር ሜዳ 1,760 ሜትር ያህል ከፍታ ስለነበረው ማኅበሩ ሰዓቱን እንደ ከፍታው የሚያስተካክልበት ስሌት ነበረው። ደብረ ብርሃን ከዚያ ሜዳ በ1,000 ሜትር ያህል ትበልጣለች። እንግዲህ በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ውድድር ቢደረግ የካሊፎርኒያን ደንብ እንዳለ መገልበጥ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ሱፐርቻርጀር የሚባለው፣ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ያለው መኪና፣ በስስ አየር ላይ መሣሪያው ከሌለው የሚያገኘው ብልጫ ከቆላው ይልቅ ይበዛልና። ደንብ በአገሩ መሬትና አየር መለካት አለበት የምንለው ስለዚህ ነው።

፯. የሞተው ምድብ መነሣት

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጋሰር ዘመን አለፈ። ገንዘብ በዛ፣ ፋኒ ካር ሕዝቡን ወሰደ፣ ብሔራዊውም ማኅበር የጋሰርን ምድቦች ከሌሎች ጋር ቀላቀላቸው። ዊሊሶቹ በየጓሮው ዛጉ። ነገር ግን ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በኋላ የቀድሞ ዘመን እሽቅድምድም ተነሣ። በ1992 በካሊፎርኒያ በቤከርስፊልድ አጠገብ የአሮጌ ተወዳዳሪዎች መገናኛ በዓል ተጀመረ። ዛሬ አንዳንድ ማኅበራት የመኪናው አካል ከ1967 ወዲህ የተሠራ እንዳይሆን፣ የፊት አክስሉ ቀጥ ያለ እንዲሆን፣ በዘመኑ ያልነበረ የኮምፒዩተር መሣሪያ እንዳይገባ በደንብ ይከለክላሉ።

እነዚህ ሰዎች የሞተውን ጨዋታ እንዴት ሊያስነሡት ቻሉ? የቀድሞው ደንብ በመጽሐፍ ታትሞ፣ የውድድሩም ውጤት በመጽሔት ተጽፎ ስለቆየ ነው። መኪናው ቢዝግ እንኳ ቁጥሩ አልዛገም። አዲሱ ደንብ ከድሮው የሚለየው በዓላማው ነው። የድሮው ደንብ ብልሃትን ይገራ ነበር፤ የዛሬው ግን ዘመንን ይጠብቃል። ደንብ በዚህ አኳኋን የታሪክ ሰነድ ሆነ።

መደምደሚያ

ወደ ሰሜን ሸዋ ሜዳ ስንመለስ በገናና በጥምቀት ጉግስ እናያለን። አንደኛው ወገን ይሸሻል፣ ሁለተኛው ያሳድዳል፤ አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው በጋሻው ይመክታል። የጦርነቱ ጦር ወደ ዘንግ መለወጡ ራሱ ትልቅ ደንብ ነው፤ ናይትሮሜቴንን እንደመከልከል ያለ ነው። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት የቀድሞው ጠባብ እርካብ፣ ሁሉም ለዚህ ሩጫ የተሠሩ ማሻሻያዎች ናቸው። ፈረስ ለሸዋ ሰው ምን እንደነበረ ለማወቅ ምኒልክ በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው መባላቸው ይበቃል።

ነገር ግን ስንት ፈረሰኛ ከስንት ይገጥማል? ፈጣን ፈረስ ያለው ከዘገምተኛው ጋር እንዴት ይመደባል? የተመታው ከሜዳ ይወጣል ወይስ ይመለሳል? ዳኛው ማነው? እነዚህን ጥያቄዎች የአንድ ወረዳ ሽማግሌ አንድ ዓይነት፣ የሌላው ሌላ ዓይነት ቢመልስ «እንዲህ ነበር» ብሎ የሚያስታርቅ ጽሑፍ የለም። ከጨዋታ ደንቦቻችን በሁሉ አፍ የቀረው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ነው። ይህም በሜዳ ላይ ማዕረግ እንደሌለ የሚያውጅ ድንቅ አንቀጽ ነው፤ በሌላው አገር ሚዛን ለስቶንና ለውድስ ያደረገውን ይህ ቃል ለሎሌው ያደርጋል። የቀረው ግን ስለተጻፈ ሳይሆን ቤት ስለመታ ነው። ቤት ያልመታው ደንብ የት ደረሰ?

የካሚዮኑም ነገር እንዲሁ ነው። ትሬንታ ኳትሮን በጣርማ በር ያወጡት ሾፌሮች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ኤንትሬን የነዱትም አርጅተዋል። ባሌስትራውን ስንት ንጣፍ እንዳስጨመሩ፣ በቁልቁለት በየትኛው ማርሽ እንደወረዱ፣ የትኛው ማሻሻያ ሰው እንዳዳነና የትኛው እንደገደለ ገና የሚነግሩን አሉ።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎች የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። በዕረፍት ወራት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ደብተር ይዞ ይሂድ። በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በደብረ ሲና ካሉ ፈረሰኞችና አሮጌ ሾፌሮች ዘንድ ተቀምጦ ደንቡንና ማሻሻያውን በቁጥር፣ በመለኪያና በስማቸው ይጻፍ፤ ቃላቸው የተለያየ እንደሆነም ልዩነቱን ሳያስማማ እንዳለ ያስፍረው። መምህራኖቻችንም እንዲህ ያለውን ሥራ እንደ ጨዋታ ወሬ ሳይሆን እንደ ታሪክ ጥናት እንዲቀበሉልን እንለምናለን። ካሊፎርኒያዎች የዛገውን ዊሊስ ያስነሡት የድሮው ደንባቸው ተጽፎ ስለጠበቃቸው ነው፤ የእኛ ደንብ ግን ገና ጸሐፊውን ይጠብቃል።